ነቅሎ መገላገል ወይስ ሩት ካናል? የታመመ ጥርስ ይዘው ጎንደር ላይ ሲመርጡ

ሁለት የታችኛው መንጋጋ ጥርሶቼ በተለያየ ጊዜ ታመውብኛል፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የግራውን አስነቀልኩት፣ የቀኙን ሩት ካናል አሠራሁት፤ ማለትም የታመመው ነርቭ ወጥቶ፣ ውስጡ ተጠርጎ ተሞላ፣ ጥርሱ ግን በቦታው ቀረ።

የግራው የተነቀለው በከተራ ዋዜማ ነበር። ቤታችን ከደባርቅና ከመተማ በመጡ ዘመዶች ሞልቶ፣ ሰው ሁሉ ለታቦቱ ነጭ ልብሱን ሲያዘጋጅ፣ እኔ ጉንጬን በነጠላ አስሬ ጥግ ይዤ ነበር። ቅርንፉድ ነከስኩ፣ አረቄ አጉመጠመጥኩ፣ ጎረቤት የሰጠኝን ማስታገሻ ሁሉ ዋጥኩ። አልቆም ሲለኝ አንድ ክሊኒክ ገባሁ። አፌን አይተው «ይነቀል» አሉ። ራጅ አልተነሣሁም፤ ሌላ አማራጭ አለ ያለኝም የለም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ሕመሙ በርግጥ ቆመ። ዓመታት ሲያልፉ ግን ከላይ ያለው ጥርስ ወደ ባዶው ቦታ ወረደ፣ ከኋላው ያለውም ወደ ፊት ተጋደመ። ዛሬ በግራ በኩል ቆሎ አልቆረጥምም።

ይህን የምጽፈው ሁሉም ሰው ሩት ካናል ያሠራ ለማለት አይደለም። መነቀል ያለበት ጥርስ አለ፣ መትረፍ የሚችልም አለ። ከሁለቱም የከፋው ግን ተጀምሮ መሃል ላይ የተተወ ሩት ካናል ነው። ይህን በአክስቴ ጥርስ አይቼዋለሁ፤ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ፦ ሙሌት ብቻ ይበቃው ይሆን?

ጥርስ ከላይ ድንጋይ ቢመስልም መሃሉ ላይ ለስላሳ ሥጋ አለው፤ ነርቭና ደም ሥር ያለበት። ይህ ሥጋ በቀጫጭን ቦዮች አድርጎ እስከ ሥሩ ጫፍ ይወርዳል። ቡርቡሩ ላይ ላዩን ከሆነ ተጠርጎ ይሞላል፣ ነገሩ ያልቃል። ነርቩ ጋ ከደረሰ ግን ሙሌት ከላይ መድፈን ብቻ ይሆናል፤ ሕመሙ ከሥር ይቀጥላል።

ለመለየት የሚረዳ ምልክት አለ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ነዝሮኝ ወዲያው ይለቀኛል የሚል ሰው ብዙ ጊዜ በሙሌት ይድናል። ቀዝቃዛው ወይም ትኩሱ ከሄደ በኋላም ለደቂቃዎች የሚጠዘጥዝ ከሆነ፣ ማንም ሳይነካው በራሱ የሚነሣ ከሆነ፣ ጋደም ሲሉ የሚብስና ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ የሚቀሰቅስ ከሆነ፣ ነርቩ ተጎድቷል፤ አይመለስም። አንድ ቀን ሕመሙ በራሱ ጭጭ ቢልም «ተሻለኝ» ብለው እንዳይዘናጉ። ነርቩ ሲሞት ሕመሙ ያርፋል፤ ኢንፌክሽኑ ግን ወደ አጥንቱ መውረዱን አያቆምም። ከወራት በኋላ ድዱ ላይ ብጉር የምታህል ነገር ወጥታ መግል ስታፈስ ያን ጊዜ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ስለ አንቲባዮቲክ አንድ ነገር ልበል፤ ብዙዎቻችን ወደ ፋርማሲ የምንሮጠው ለአሞክሳሲሊን ስለሆነ። መድኃኒት ወደ ታመመው ቦታ የሚደርሰው በደም ነው። ነርቩ በሞተ ጥርስ ውስጥ ደም አይዘዋወርም፣ ስለዚህ ክኒኑ መሃሉ ያለውን ቆሻሻ አያገኘውም። እብጠቱ ሲሰራጭ ወይም ትኩሳት ሲኖር ሐኪሙ ያዘዋል፤ ያን ጊዜም ቢሆን ምንጩ እስኪጸዳ ወይም እስኪነቀል ድረስ ማቆያ ነው። ሜትሮኒዳዞል የሚባለው አንቲባዮቲክ ከታዘዘልዎ ደግሞ ጠላውንም አረቄውንም ይተዉት፤ አብረው ሲወሰዱ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ያመጣሉ።

ሚዛኑ የቀረው ጥርስ ላይ ነው

ሰው የሚያመዛዝነው ብዙ ጊዜ የሕመሙን መጠን ነው። «በጣም አሞኛልና ይነቀል» ይላል። ሕመሙ ግን ስለ ነርቩ እንጂ ስለ ጥርሱ ጥንካሬ አይነግርም። እጅግ የሚያመው ጥርስ ዙሪያው ሙሉ ሊሆን ይችላል፤ ምንም የማያመው ደግሞ ቅርፊቱ ብቻ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ሐኪሙ በራጅና በዓይኑ የሚፈልገው ይህን ነው፦ ከድድ በላይ ጤነኛ ግድግዳ ቀርቷል? ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን የሚያለብሰው ቆብ፣ እንዲይዝ በዙሪያው 2 ሚሊ ሜትር ያህል ጤነኛ ጥርስ ያስፈልገዋል። ቤት ያለ መሠረት አይቆምም፤ ይህም እንደዚያው ነው። ጥርሱ እስከ ድዱ ተሰብሮ ካለቀ፣ ሥሩ ቁልቁል ከተሰነጠቀ፣ ወይም በድድ በሽታ አጥንቱ ሸሽቶ ጥርሱ የሚነቃነቅ ከሆነ፣ ሩት ካናል ገንዘብ ማባከን ነው። ይነቀል። መጨረሻ ላይ የሚበቅለው የጥግ መንጋጋም ለማኘክ እምብዛም ስለማያገለግል፣ ለመሥራትም ስለማይመች፣ አብዛኛውን ጊዜ መንቀሉ ያዋጣል።

ከፊት ያሉት ጥርሶችና የመጀመሪያው ትልቁ መንጋጋ ግን በቀላሉ የሚለቀቁ አይደሉም። የፊቱ ለመልክም ለንግግርም ነው። ትልቁ መንጋጋ ደግሞ ከ6 ዓመት ዕድሜ ገደማ ጀምሮ የማኘኩን ትልቁን ሸክም የተሸከመ ነው። ግድግዳው ካለ ይታገሉለት እላለሁ።

እናቴን ይዤ የሄድኩበትን ቀን አልረሳውም። ገና ወንበሩ ላይ ሳትደላደል «ልጄ፣ ንቀልልኝና ልረፍ» አለችው ዶክተሩን። ራጁን ወደ መብራቱ አቅንቶ አሳያት። «እናቴ፣ የሞተው ነርቩ ነው። ጥርሱ ቆሟል፤ ይዩት እስቲ» አላት። ነጠላዋን አስተካክላ ጠጋ ብላ አየችው። ብዙ የገባት አልመሰለኝም፤ ግን ሰው አሳይቶ ሲያስረዳት ደስ አላት። ጥርሱ እስካሁን አፏ ውስጥ ነው።

ወንበሩ ላይ ምን ይደረጋል?

ሁለቱም የሚጀምሩት በማደንዘዣ መርፌ ነው፤ መርፌውም አንድ ዓይነት ነው። ለታችኛው መንጋጋ ሲሆን ግማሽ ከንፈርና ግማሽ ምላስ ይደነዝዛል። መንቀል አጭር ነው፤ ጥርሱ ካልተሰባበረ በደቂቃዎች ያልቃል። መገፋት፣ መወዝወዝና ድምፅ ይሰማል፤ የስለት ሕመም ሊሰማ አይገባም።

ሩት ካናል ረጅም ነው። አንድ ቀጠሮ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ይወስዳል፤ ለመንጋጋ ብዙ ጊዜ ሁለት ቀጠሮ ያስፈልጋል። ልዩነቱ የቦዮቹ ቁጥር ነው። የፊት ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ቦይ አለው፣ መንጋጋ ሦስት ወይም አራት። ዋጋውም በዚሁ ምክንያት ስለሚለያይ ጎረቤትዎ ለፊት ጥርሱ የከፈለውን ለመንጋጋዎ መለኪያ አያድርጉት።

የእኔ ሲሠራ መጀመሪያ ጥርሱን ብቻ የምታሳይ ስስ ጎማ አፌ ላይ ተዘረጋች። ምራቅ ወደ ጥርሱ እንዳይገባ፣ መሣሪያና መድኃኒት ደግሞ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ ነው። ከዚያ አናቱ ተበሳ። ሐኪሟ ከሳጥን የምታወጣቸው መርፌ መሰል ሞረዶች እጀታቸው ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ ነበር። ቀለሙ ውፍረቱን ይናገራል፤ የነጩ ጫፍ 0.15 ሚሊ ሜትር፣ የቀዩ 0.25 ነው። ከቀጭኑ እየጀመረች በጣቶቿ እያዞረች የቦዩን ግድግዳ ትሞርዳለች። በየመሃሉ በፈሳሽ ታጥበዋለች፤ የበረኪና ሽታ ሸተተኝ። ሽታው ትክክል ነበር፤ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ይባላል፣ በረኪና ውስጥ ያለው ራሱ ንጥረ ነገር ነው፤ የሞተውን ሥጋ የሚያሟሟና ጀርሙን የሚገድል። ጎማው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። መጨረሻ ላይ ቦዩ በቀጭን ወረቀት ደርቆ፣ ጉታ ፐርቻ በሚባል ከዛፍ ወተት በሚሠራ ጎማ መሰል ነገር ይሞላል።

አንድ ነገር ይወቁ፦ ነርቩ በጣም በተቆጣበት ሰዓት፣ በተለይ የታችኛው መንጋጋ፣ በመጀመሪያው መርፌ ሙሉ ለሙሉ ላይደነዝዝ ይችላል። ይህ የሐኪሙ ስንፍና አይደለም፣ ሩት ካናል ያማል የሚለው ወሬም አብዛኛው የመጣው ከዚሁ ነው። ካመመዎ እጅዎን ያንሱ፤ ተጨማሪ ማደንዘዣ ይሰጣል። ጥርስዎን ነክሰው መቻል አይጠበቅብዎትም።

በማግስቱና በሳምንቱ

ሁለቱም ላይ ማደንዘዣው ለሁለት እስከ አራት ሰዓት ስለሚቆይ እስኪለቅ ምግብ አያኝኩ፣ ትኩስ ቡናም አይጠጡ። ከንፈር መነከሱ፣ ምላስ መቃጠሉ ሳይታወቅ ነው።

ከተነቀለ በኋላ ጥጡን ግማሽ ሰዓት ያህል ነክሰው ይቆያሉ። የረጋው ደም የቁስሉ ክዳን ነው፤ እሱን መጠበቅ ነው ሥራው። ለ24 ሰዓት መጉመጥመጥ፣ በኃይል መትፋት፣ በስትሮ መጠጣትና ማጨስ የለም። በማግስቱ ለብ ባለ ውኃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጠው ቀስ ብለው ይጉመጥመጡ። መጀመሪያ ተሽሎ በሦስተኛው ወይም በአምስተኛው ቀን እስከ ጆሮ የሚዘልቅ ሕመምና መጥፎ ሽታ ከመጣ ክዳኑ ተነሥቷል ማለት ነው፤ ወደ ነቀለልዎ ሰው ተመልሰው መድኃኒት ያስደርጉበት። ድዱ በአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይገጥማል፣ ከሥሩ ያለው አጥንት ግን ወራት ይፈልጋል።

ከሩት ካናል በኋላ ቁስል የለም፣ ደም የለም። የሚሰማው ሲነክሱበት ያለ የመቀጥቀጥ ስሜት ነው፤ ሁለት ሦስት ቀን ይበረታል፣ በሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ለእኔ በሁለተኛው ቀን ነበር የባሰው፤ እንጀራ በሽሮ በሌላው ጎን እያኘክሁ አለፈ። አይቡፕሮፌን ጥሩ ይሠራል፣ ግን ምግብ በልተው ይውሰዱት፤ ጨጓራ ወይም ኩላሊት የታመመ፣ እንዲሁም ነፍሰ ጡር ሴት፣ አይቡፕሮፌን ትተው ፓራሲታሞል ይውሰዱ። የፓራሲታሞል ባለ 500 ሚሊ ግራም ክኒን ለአዋቂ በአንድ ጊዜ ከሁለት፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ከስምንት መብለጥ የለበትም።

ሕመሙ በሳምንቱ እየቀነሰ ሳይሆን እየጨመረ ከሄደ፣ ወይም ሲነክሱ ያ ጥርስ ብቻውን ቀድሞ የሚነካ ከመሰለዎ፣ ተመልሰው ይታዩ። ሁለተኛው አንዳንዴ ሙሌቱ ከፍ ብሎ ነው፤ ትንሽ ሲሞረድ በዚያው ይቆማል።

ጾም ላይ ከሆኑ ቀጠሮውን ከምግብ ሰዓት ጋር ያስማሙት። ባዶ ሆድ ላይ ማደንዘዣና ፍርሃት ሲደራረብ ራስ የሚያዞረው ብዙ ነው። በዐቢይ ጾም የንስሐ አባትን ማማከር፣ በረመዳን ደግሞ የማይቸኩል ከሆነ ቀጠሮውን ማሸጋገር ይቻላል። የሚያብጥ ጥርስ ግን በዓልም ጾምም አይጠብቅም።

አክስቴ

አክስቴ ዳባት ነው የምትኖር። ጥቅምት ላይ ጥርሷን ይዛ እኛ ጋ መጣች፤ የመጀመሪያው ቀጠሮ ተሠራላት። ነርቩ ወጣ፣ ቦዮቹ ውስጥ መድኃኒት ገባ፣ በላዩ ጊዜያዊ ሙሌት ተደረገ። «በሁለት ሳምንት ተመለሺ» ተባለች። በዚያው ቀን ሕመሙ ለቀቃት። ለቀቃትና ሄደች፤ ኅዳር አጨዳ ነው፣ ታኅሣሥ ውቂያ ነው፣ ጥር ሠርግ ነው። ጥርሱ አላመማትም፤ ነርቭ የለውማ። ጊዜያዊው ሙሌት ግን ለጥቂት ሳምንታት ተብሎ የተሠራ ነው፤ እየተሸረፈ ምራቅ አስገባ፣ ጀርሙ ተመልሶ ገባ። የካቲት ላይ ቆሎ ስትቆረጥም ጥርሱ ለሁለት ተሰነጠቀ። ደውላ «እንደ እንጨት ቋ አለ» አለችኝ። ተነቀለ። ለሩት ካናሉም ለመንቀያውም ከፈለች፣ የመንገዱ ሳይቆጠር።

ስለዚህ ከዳባትም ይምጡ ከአዘዞ፣ ሩት ካናል ከመጀመርዎ በፊት ራስዎን ይጠይቁ፦ ለሁለተኛው ቀጠሮ እመለሳለሁ? ለቆቡስ ገንዘብ አለኝ ወይስ በጥቂት ወራት ይኖረኛል? መልሱ አይ ከሆነ፣ መንቀሉ ታማኝ ውሳኔ ነው፤ በዚህ ማንም ሊያሳፍርዎ አይገባም። ራቅ ካለ ቦታ የሚመጡ ከሆነም «በአንድ ቀን ማለቅ ይችላል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መግል የማይፈስ፣ እብጠት የሌለው ጥርስ ጊዜ ከተሰጠው በአንድ ቁጭታ ሊያልቅ ይችላል፣ ውጤቱም ከሁለት ቀጠሮው አያንስም።

ቆብ ወይስ ሙሌት ብቻ?

ነርቩ የወጣ መንጋጋ በቡርቡሩና በመበሳቱ መሃሉ ተቦርቡሯል፤ ከላይ ሲነከስበት ግድግዳው ወደ ውጭ ይከፈታል። ቆቡ ግድግዳዎቹን አቅፎ ይይዛል። ለመንጋጋ ቆብ የሕክምናው ክፍል ነው፤ ማሳመሪያ አድርገው አያስቡት። ብር ካጠረ ጠንካራ ቋሚ ሙሌት አስደርገው፣ ጠንካራ ነገር እየራቁ፣ ለቆቡ ማጠራቀም ይቻላል፤ ጊዜያዊው ሙሌት ላይ ግን አይቆዩ። የፊት ጥርስ ግድግዳው ብዙ ካልተጎዳ በሙሌት ብቻ ለዓመታት ይኖራል።

ዋጋ ሲጠይቁ ሦስቱን ለይተው ይጠይቁ፦ ቦዩን ማጽዳትና መሙላት፣ ከላይ ያለው ቋሚ ሙሌት፣ ቆቡ። «ሩት ካናል ስንት ነው?» ብቻ ብሎ የመጣ ሰው በሁለተኛው ቀጠሮ የሚደነግጠው እዚህ ላይ ነው። ጤና መድን ካለዎትም የትኛውን እንደሚሸፍን ከወረፋው በፊት ያጣሩ።

ከተነቀለ በኋላም ወጪው አላለቀም። ክፍተቱን በተነቃይ ጥርስ፣ በብሪጅ ወይም በኢምፕላንት መሙላት ይቻላል። ተነቃዩ ርካሽ ነው፣ መልመዱ ያስቸግራል። ብሪጅ ጎንና ጎን ባሉት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚቆም ጥርስ ነው፤ እነዚያን ጤነኛ ጥርሶች መሞረድ ይጠይቃል። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል ብሎን ነው፤ ጥሩ ነው፣ ውድ ነው፣ ወራት ይወስዳል። ክፍተቱን ዝም ብሎ መተውም ይቻላል፤ የኋለኛ ጥርስ ከሆነ ብዙ ሰው እንደዚያው ይኖራል። እኔ እንዴት እንደሆንኩ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

የት ልሂድ?

የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ከ1954 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያሠለጥን የኖረ ተቋም ነው። የማስተማሪያ ሆስፒታል ስለሆነ ወረፋው ይረዝማል፣ ተማሪዎችም በመምህራን ክትትል ይሠራሉ፤ ቀስ ይላሉ፣ ግን በየደረጃው ሰው ያያቸዋል። ስኳር፣ ልብ፣ ደም ማቅጠኛ ያለበት ሰው እዚያ ቢሄድ እመርጣለሁ፤ ሌሎቹ ክፍሎች ሁሉ አንድ ግቢ ውስጥ ናቸው። የግል ክሊኒክ ቀጠሮ ቶሎ ይሰጣል፣ በሥራ ቀን ለሚቸገር ይመቻል። የሚመርጡት ፒያሳ ይሁን ማራኪ ሠፈር፣ ራጅ መኖሩን፣ ያን የጎማ መሸፈኛ መጠቀማቸውን፣ ቦዩ ከተሞላ በኋላ ሌላ ራጅ ማንሳታቸውን ይጠይቁ። በዚህ ጥያቄ የሚቆጣ ቦታ ላይ አይቀመጡ።

የልብ ቫልቭ የተተካለት ሰው ከሁለቱም ሕክምና በፊት ለሐኪሙ ይንገር፤ አስቀድሞ የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ይኖራል። ነፍሰ ጡር ሴትም ልትታከም ትችላለች፤ ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ያለው ጊዜ በጣም ይመቻል።

እብጠቱ ወደ ዓይን ወይም ወደ አንገት ከሄደ፣ መዋጥ ወይም መተንፈስ ካስቸገረ፣ አፍ አልከፈት ካለ፣ ትኩሳት ከያዘ፣ የምርጫው ነገር እዚያው ላይ ይቁም። በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ። የጥርስ ኢንፌክሽን አንገት ውስጥ ወርዶ ሰው ይገድላል።

ሩት ካናሉ በደንብ የተሠራለትና ቆብ የለበሰ ጥርስ ከአስሩ ዘጠኙ ያህል ለዓመታት ይቆያል። ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በኋላ ራጅ ተነሥተው የሥሩ ጫፍ አጥንት መሙላቱን ያሳዩ፤ ሳያምም የሚዳከም ጥርስ የሚያዘው በዚያ ነው።

አክስቴ አሁን በሌላው ጎን ያለው መንጋጋ ጀምሯታል። ራጁን አብረን አየነው፤ ግድግዳው ሙሉ ነው። ቀጠሮዋ ከመስቀል በኋላ ነው። ሁለተኛውም ቀን በካርዷ ላይ አብሮ ተጽፏል፤ እኔም ስልኬ ላይ ይዤዋለሁ፤ ዳባት ድረስ ሄጄም ቢሆን አመጣታለሁ።